የይርጋነሽ ድንጋይ

ሬሳውን ያገኙት ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ናቸው።

የሁዳዴ ጾም ከተጋመሰ ወዲህ ነው። ከቢቸና ወጣ ብላ ባለችው እንኮይ ሜዳ፣ የጥንቱ ሰው አድባር እያለ ቅቤ ይቀባው በነበረው ዋርካ ሥር፣ ይርጋነሽ በጀርባዋ ተዘርራለች። የገዛ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ተቋጥሯል። ከጎኗ አንገቷ የተቀላ ገብስማ ዶሮ ወድቃለች፤ ደሟ በግንዱ ላይ ተረጭቶ ደርቋል። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሞላላ ድንጋይ ተጋድሟል።

ሴቶቹ እንስራቸውን ጥለው ሮጡ። መንደር ሲደርሱ ግን የጮኹት «ሰው ተገደለ!» ብለው አይደለም።

«ይርጋነሽን ውቃቢዋ አነቃት!» ብለው ነው።

የወረዳው ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ አካለ ወልድ ሲደርስ ሰዉ በሩቁ ከቦ ቆሟል። ሬሳውን የሸፈነ ግን አልነበረም። የማያውቁት መንገደኛ ሞቶ ቢገኝ ጋቢውን አውልቆ የሚያለብስ አገር፣ ለዚህች ሴት አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ነፍጓታል። መቶ አለቃው ይህን አየና ጥርሱን ነከሰ። ቁጣው ድምፅ የለውም፤ ወደ ውስጥ ነው የሚነደው።

አብሮት የመጣው ሃምሳ አለቃ ፋንታ ወፍራምና ቀልደኛ ሰው ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ አለና፣ «ጌታዬ፣ ውቃቢ በስንተኛው አንቀጽ ነው የሚከሰሰው?» አለው።

«ነጠላ የሚቋጥር እጅ ካለው እንደማንኛችንም በነፍስ ግድያ ነው።»

ይርጋነሽ ለብዙ ዘመን የአካባቢው ጠንቋይ ነበረች። በሬ የጠፋበት፣ ልጅ የታመመበት፣ ሚስት የኮበለለችበት ሁሉ ቀን ቀን ስሟ ሲነሳ ያማትብ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ ደጃፏን ያንኳኳል። ዓምና ከጥምቀት በኋላ ግን ጨሌዋን ገደል ጣለች፤ አለንጋዋን አቃጠለች፤ የእንኮይ ሜዳ ኪዳነ ምሕረት ቄስ ለሆኑት ለአባ ኃይለ ጊዮርጊስ ንስሐ ገባች። የተሰጣትን ቀኖና ፈጽማ ለፋሲካ ልትቆርብ ነበር።

መቶ አለቃው ተንበርክኮ አንገቷን አየ። የነጠላው ቋጠሮ ከፊት ነው። ማጅራቷ ላይ ግን ቆዳዋ ተልጧል፤ ከባድ ነገር እንደተሸከመች። ድንጋዩን አገላበጠው። በሻካራው ጎን የነጠላ ክር ተይዞበታል።

«ልጄ፣ ምን ያደክምሃል?»

ቀና ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ወልደ ኪዳን ቆመዋል። ነጭ ጥምጥማቸው ጸድቷል፤ ጭራቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍም፣ የመቃብሩ ቦታም በእሳቸው እጅ ነው።

«ደም የገበረችለት ጋኔን ደሟን ወሰደ። ጅብ ቢመነኩስ ሥጋ አይተውም። በሁዳዴ ዶሮ አርዳለች፤ ማተቧንም በጥሳ ጥላለች። አንገቷን እየው።»

እውነት ነው፤ የይርጋነሽ አንገት ላይ ማተብ የለም።

ከሰዉ መካከል አንዲት ሴት ተስፈንጥራ ወጣች። የሟቿ ልጅ ባንቺዓለም ነች፤ ቢቸና ከተማ ባል አግብታ የምትኖር። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና እናቷ ላይ ጣለችው።

«እናቴ ማተቧን አትበጥስም! ንስሐ ገብታለች! በፍትሐት ነው የምትቀበረው፣ ከቅጽሩ ውስጥ!»

«ከቅጽሩ ውጭ» አሉ ገበዙ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «አድባር ሥር የሞተች ሴት ከክርስቲያን አጥንት ጋር አትጋደምም።»

ሰዉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ፍትሐት ልፍታ ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ቢነሡ፣ ከቅጽሩ ውስጥ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ሰው ጠፋ። ይርጋነሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ቁልቋሉ ሥር ተቀበረች። ባንቺዓለም ከመቃብሩ አፈር እፍኝ ዘግና ወደ መቶ አለቃው መጣች።

«ጋሼ፣ ማን እንደገደላት ባይታወቅ እግዜር ያውቀዋል። ግን እዚህ አይተዋት። እዚያ ማዶ በምጽአት ቀን እንኳ ከነማን ጋር እንደምትነሣ አታውቅም።»

«አልተዋትም» አለ። ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የከበደው።

ሰዉ ሲበተን ሁለቱ ፖሊሶች ወደ ዋርካው ተመለሱ። ማተቡን መሬት ለመሬት ፈለጉ፤ የለም። ፋንታ ደክሞት ግንዱን ተደግፎ ቀና ሲል፣ «ጌታዬ!» አለ።

ከሰው ቁመት በላይ፣ ሁለት ቅርንጫፍ በሚገናኝበት መንታ ላይ፣ ጥቁር ክር ከትንሽ የእንጨት መስቀል ጋር ተሰቅሏል። አካለ ወልድ ረጅም ሰው ነው፤ ሆኖም ለማውረድ በእግሩ ጣቶች መቆም ነበረበት። ማተቡ አልተበጠሰም። ቋጠሮው በትዕግሥት ተፈትቷል፤ ክሩ ተጠቅልሎ፣ መስቀሉ ወደ ላይ ሆኖ ነው የተቀመጠው።

«ይርጋነሽ ምን ያህል ቁመት ነበራት?»

«እንደ ድስት» አለ ፋንታ። ቀልዱ ራሱን አሳፈረውና፣ «ነፍሷን ይማር» ብሎ ጨመረ።

መቶ አለቃው ማተቡን በመሐረቡ ቋጥሮ ደረት ኪሱ ከተተ። «ይህን ያየን አንተና እኔ ነን። ሦስተኛ ሰው እንዳይሰማው።»

*

በማግስቱ ባንቺዓለም ጣቢያ መጣች። ድንጋዩ ከመርማሪው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። አየችውና ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው።

«ይኼ እኮ የኛ መጅ ነው! በዚህ ጎኑ የተሸረፈው። ከእናቴ ወፍጮ ላይ ማን አነሣው?»

ሰዉ «የአድባር ድንጋይ» ሲለው የዋለው የእህል መፍጫ ነው። ባንቺዓለም ከሄደች በኋላ ፋንታ ራሱን አከከ።

«እንግዲህ ውቃቢውም በሁዳዴ ሽሮ አምሮት ይሆናል።»

አካለ ወልድ አልሳቀም። በአገሩ ልማድ፣ የበደለ ሰው ይቅርታ ሊለምን ሲሄድ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ነው የተበዳዩ ደጅ የሚቆመው። ተበዳዩ ይቅር ሲል ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። የተላጠው ማጅራት፣ የተያዘው ክር፣ አሁን ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ይርጋነሽ ያን ምሽት ለአድባር ልትገብር አልሄደችም። ይቅርታ ልትለምን ነው የወጣችው። ከማን?

ወደ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ሄደ። ሽማግሌው ከቤተ ልሔሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ከጎናቸው አንድ ትልቅ የብረት ቁልፍ ተቀምጧል።

«አባ፣ ምን ነገረችዎ?»

«የንስሐ ልጄ የነገረችኝን ብነግርህ እጄ ይድረቅ። አንተም የቄስ ልጅ ነህ አሉ፤ እንዴት ትጠይቀኛለህ?»

«የሰሙትን አይደለም የምጠይቅዎ፤ የሚያስቡትን ነው። ድንጋይ ተሸክማ ነበር።»

አባ ዳዊታቸውን አጠፉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ መቶ አለቃው አየ።

«ድንጋይ ማጅራትህ ላይ ስትሸከም በስንት እጅህ ነው የምትይዘው?»

«በሁለቱም።»

«እንግዲያ ዶሮዋን በምን ያዘቻት?» አሉ ሽማግሌው። ዳዊታቸውንም ገለጡ።

መቶ አለቃው ሊነሣ ሲል ቁልፉን አየ። «ይህ የገበዙ ቁልፍ አይደለም እንዴ?»

«የሳቸው ነው። እግራቸውን ስላመማቸው እኔ ዘንድ አኖሩት። ከቀብሩ በኋላ ከቅጽሩ አልገቡም፤ ዛሬም ከውጭ ቆመው ነው ያስቀደሱት።»

*

ጣቢያ ሲመለስ ወህኒ ክፍሉ ውስጥ አንድ ወጣት ታስሮ ጠበቀው። የወረዳው ካድሬ ኃይለ ሚካኤል፣ ከአብዮቱ ወዲህ «ጓድ ኃይሌ» መባልን የመረጠው፣ እግሩን አነባብሮ በአካለ ወልድ ወንበር ተቀምጧል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ነፍሰ ገዳዩ ተያዘ። ደምለው ይባላል፤ ከሞጣ ነው የመጣው። በዚያ ቀን ቢቸና ገበያ ማረሻ ሲሸጥ ታይቷል። እናቱ ውበቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከዓመታት በፊት ይርጋነሽ ‹ቡዳ ናት› ብላ ለፍልፋባቸው ከእንኮይ ሜዳ የተባረሩ ናቸው። በቀል ነው።»

«ይርጋነሽ ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየችው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። እሱ የት ነበር?»

«ሰዉ ሁሉ ‹የቡዳው ልጅ ነው› ይላል። የሰፊውን ሕዝብ ድምፅ መስማት አለብን።»

«ሰፊው ሕዝብ ትናንት ‹ውቃቢ ነው› ብሎ ነበር። እሱንም እንያዘው?»

የጓድ ኃይሌ ፊት ቀላ። «እኛ አጉል እምነትን ከሥሩ እየነቀልን ነው!»

«ቡዳ ተብሎ በታሰረ ሰው ነው የምትጀምሩት?»

ካድሬው ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ሲወጣ በሩን አልዘጋውም፤ ፋንታ ዘጋለት።

አካለ ወልድ በነጋታው የሞጣ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ውበቴን ያገኛት ከሞጣ መስጊድ ጀርባ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐምዱ ግቢ ውስጥ ነው። ቁጢጥ ብላ ጭቃ ታቦካለች። ሐምዱ ደግሞ መጋረጃ እየገለጠ ከሱቁ በጓሮ በር ወጣ።

«ልጁን ምን አደረጋችሁት?» አለ፣ ሰላምታ ሳያቀርብ። «ደምለው በዚያ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከጭነት መኪና ወርዷል። እኔ ለመግሪብ ሰላት ስወጣ ሱቄ ደጃፍ ያልተሸጠ ማረሻውን ሲያራግፍ ነበር። መስጊድ ሙሉ ሰው አይቶታል። ወይስ የእስላም ምስክር ቢቸና ላይ አይቆጠርም?»

«ይቆጠራል።»

«ኢንሻአላህ» አለ ሐምዱ፣ ባላመነ ድምፅ። ግን በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠው።

«እመት ውበቴ» አለ መቶ አለቃው፣ «እርስዎ ስለ እንኮይ ሜዳ ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

ሴትዮዋ እጇን ከጭቃው አወጣች። «እርስዎ! ‹እርስዎ› ብሎ የጠራኝ ሹም አንተ የመጀመሪያው ነህ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እኛ መሬት አልነበረንም። የሸክላ ሠሪ መሬት ሆዱ ነው ይባል ነበር። አዋጁ መጥቶ መሬት ሲደለደል ለኛም ደረሰን፤ ከወንዙ ዳር ያለችው ጥቁር አፈር። አንድ ክረምት ጤፍ ዘራንባት። ልግጫ እንዳይመስልህ ልጄ፣ ጤፉ ሲያምር እኔም ባሌም ሌሊት እየተነሣን እናየው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የገበዙ የልጅ ልጅ ታመመ። ይርጋነሽን አስጠሩ። ጮኸች፣ አጓራች፣ ‹ውበቴ በላችው› አለች። ሰዉ ችቦ ይዞ መጣ። እኔና ባሌ ከነደምለው ማሳው ላይ ነበርን።» ጭቃውን ማድቦልቦል ጀመረች። «ታናሿ ልጄ ቤት ተኝታ ነበር።»

ሐምዱ ፊቱን ወደ ሱቁ አዞረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ውበቴ አልተናገረችም። መቶ አለቃውም አልጠየቃትም። ይህ ነፍስ በየትኛውም ጣቢያ መዝገብ ላይ እንዳልሰፈረ ያውቅ ነበር፤ ለቡዳ ልጅ ማን አቤት ይላል?

በመጨረሻ፣ «ይርጋነሽ ከመሞቷ ሳምንት በፊት በመንገደኛ መልእክት ልካልኝ ነበር» አለች። «‹ከፋሲካ በፊት ድንጋይ ተሸክሜ ደጅሽ እመጣለሁ። ብቻዬን ግን አልመጣም። አፉ እኔ ነበርሁ፤ ቃሉ ግን የኔ አልነበረም› አለችኝ።»

«ቃሉ የማን ነበር?»

«አላለችም።»

«መሬቱንስ አሁን ማን ያርሰዋል?»

ውበቴ ሣቀች። የሚያስቅ ነገር አልነበረም። «ሄደህ እየው።»

*

ሄዶ አየው። የወንዙን ዳር ጥቁር አፈር የሚያርሱት የገበዝ ወልደ ኪዳን በሬዎች ናቸው። ከድልድሉም በፊት የገበዙ ነበረ። እንደ ባለ አገሩ ሁሉ መሬታቸው ሲከፋፈል ዝም ብለው ነበር የተቀበሉት። ለሸክላ ሠሪ መድረሱን ግን መቀበል አልቻሉም።

ፋንታ ደግሞ በበኩሉ ገበያውን አስሶ ነበር። «በሁዳዴ ዶሮ ሻጭ ምን ይሠራል ጌታዬ? አንዲት ዶሮ ገበያ አልወጣችም። ቤት ያደገች ናት።»

ወደ ገበዙ ቤት ሲደርሱ ገበዙ አልነበሩም። ሚስታቸው ውኃ አመጡላቸው። ግቢው ውስጥ ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ፤ ሁሉም ገብስማ ናቸው።

«እናቴ፣ ጫጩቶቹ ማማራቸው!» አለ ፋንታ፣ ቅሉን እየመለሰ።

«ምን ያምራሉ፣ እናት የላቸው! ያችን የመሰለች ዶሮዬን ሸለምጥማጥ በላብኝ። አንድ ላባ እንኳ አልተወልኝ፣ አንድ ጠብታ ደም!»

«ደጅ ነው የሚያድሩት?»

«ቆጥ ላይ ነው እንጂ! ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ።»

«ይኼስ በር ከፍቶ የሚገባ፣ ሲወጣም የሚዘጋ ጨዋ ሸለምጥማጥ ነው።»

ሴትዮዋ ከትከት ብለው ሣቁ። «እኔም ለባሌ ያልኋቸው ይህንኑ ነው!»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹ዝም በይ› አሉኝ። እንዲያ ተቆጥተው አያውቁም።» ሣቃቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ጠፋ። ሁለቱን የደንብ ልብሶች ተራ በተራ አዩ። ቅሉን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

እሑድ ዕለት መቶ አለቃው ኪዳነ ምሕረት ሄደ። ገበዙ ከአጥሩ ውጭ፣ ከይርጋነሽ መቃብር ጥቂት ራቅ ብለው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ያስቀድሳሉ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰዉ «እግርዎ እንዴት ነው?» እያለ አለፈ። «ተመስገን፣ ያው ነው» እያሉ መለሱ። ትናንት ደግሞ ፋንታ ያችን ጥቁር አፈር ሲያርሱ፣ በሬ ተከትለው ከትልም ትልም ሲራመዱ አይቷቸው ነበር።

የሚያመው እግር ወደ ማሳ ይሄዳል፤ ወደ ቅጽሩ ብቻ ነው አልራመድ ያለው። የሰው ደም በእጁ ያለበት ሰው ንስሐ ሳይገባ ቤተ መቅደስ አይረግጥም። ገበዙ ይህንን ሥርዓት ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ያከብሩታልም።

*

ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ተጠርተው መጡ። ጥምጥማቸው እንደወትሮው ጸድቷል። ዝናብ አካፍቶ ስለነበር የክፍሉ ወለል በሰው ጫማ ጭቃ ተለውሷል። አካለ ወልድ ወንበር ሰጣቸው፤ ፋንታ በሩ ላይ ቆመ።

«ለመሆኑ ደምለውን ለምን ፈታችሁት?» አሉ ገበዙ።

«ሞጣ ነበረና። አባቴ፣ ይርጋነሽ ማተቧን ምን ያደረገችው ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቄ? ወደ ሰይጣን የተመለሰች ሴት ማተብ ምን ያደርግላታል። በጥሳ ጥላዋለች።»

«መሬት ላይ?»

«መሬት ላይ ነዋ።»

መቶ አለቃው ከደረት ኪሱ መሐረቡን አወጣ፤ ፈታው። ጥቁሩን ማተብ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳያቸው። ከዚያ ለቀቀው። ማተቡ ከነመስቀሉ ጭቃው ላይ ወደቀ።

ሽማግሌው ከወንበራቸው የተነሡበትን ፍጥነት ፋንታ ኋላ ለጓደኞቹ ሲያወራ ኖረ። ጎንበስ ብለው አነሡት፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ተሳለሙት። ክሩን በጥንቃቄ ጠቀለሉት። ከዚያም ክፍሉን ዙሪያውን ቃኝተው ወደ መስኮቱ ሄዱና፣ ካርታ በተሰቀለበት ከፍ ያለ ምስማር ላይ፣ መስቀሉን ወደ ላይ አድርገው ሰቀሉት።

መቶ አለቃው በጣቱ ወደ ምስማሩ ጠቆመ።

«ልክ እንዲህ ነበር» አለ አካለ ወልድ። «እንዲህ ተጠቅልሎ፣ መስቀሉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሰው በማይረግጠው ከፍታ። ወደ ውቃቢዋ የተመለሰች ሴት ማተቧን ትጥለዋለች፤ ታቃጥለዋለች። ሟቿ ደግሞ እዚያ መንታ ላይ ብትንጠራራ እንኳ አትደርስም። ማተቡን ያወለቀው፣ አድባር ያመለከች እንድትመስል የፈለገ ሰው ነው። ሊበጥሰው ግን አልደፈረም። ቤትዎ ያሉት ገብስማ ጫጩቶች እናታቸውን አጥተዋል። እግርዎ ከትልም ትልም ይራመዳል፤ ወደ ቅጽሩ ግን እምቢ ብሏል። ውበቴ ደግሞ የማን ቃል እንዳባረራት ማወቅ ትፈልጋለች።»

ገበዙ ምስማሩ ላይ ያለውን ማተብ ብቻ ነበር የሚያዩት።

«መሬት ላይ እንዴት ይጣላል?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ውስጥ እውነተኛ ቅሬታ ነበር፤ እንደተበደለ ሰው። «መስቀል አለበት እኮ!»

መቶ አለቃው ብድግ አለ። ለዓመታት ወደ ውስጥ ሲነድ የኖረው ነገር ያን ጊዜ ብቻ ወደ ውጭ ወጣ።

«እሷስ? ማተቡ የታሠረበት አንገትስ? እሱን እንዴት መሬት ላይ ጣልከው?»

ወልደ ኪዳንን ከዚያች ሰዓት ወዲህ «አንቱ» ያለው ሰው ጣቢያው ውስጥ የለም።

ቃሉን ሰጠ። ይርጋነሽ በዚያ ምሽት መጇን ተሸክማ ደጁ ቆመች። ከእሱ ይቅርታ ልትለምን አልነበረም። «ተነሥ፣ ሞጣ አብረን እንሂድ» ብላ ነው። «የልጅ ልጅህ የታመመ ጊዜ፣ ገና ጨሌዬን ሳልይዝ ‹ውበቴ በይ› ያልኸኝ አንተ ነህ። እኔ ጠንቋይ ነበርሁ፤ ዋሸሁ። አንተ ክርስቲያን ነበርህ። ለአባ የኔን ኃጢአት ተናዝዣለሁ፤ ያንተን አንተ ተናዘዝ። ይህን ድንጋይ ተራ በተራ እንሸከመዋለን።» መንገድ ላይ እንነጋገር ብሎ ወደ ዋርካው ወሰዳት። ደጋግማ የለመነችው ንስሐ እንዲገባ ነበር። ካነቃት በኋላ ዶሮዋን ለማምጣት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«የጠንቋይ ቃል ማን ያምናል ብለህ ነው የፈራኸው?» አለው አካለ ወልድ። «ዝም ብትላትስ?»

«ልትቆርብ ነበር» አለ ወልደ ኪዳን። «ከቆረበች በኋላ ሰው ያምናታል።»

የይርጋነሽ ንስሐ እውነት መሆኑን፣ ከአባ በቀር፣ ከመንደሩ ሁሉ ያመነላት አንድ ሰው ነበረ። እሱም ገደላት።

*

ከሆሳዕና በፊት መቃብሯ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ጉድጓድ የሚቆፍር አልጠፋም፤ እንኮይ ሜዳ በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ መጣ። «እኛማ መች ጠረጠርናት» የሚሉ ድምፆች ከየቦታው ይሰሙ ነበር። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ፍትሐቱን አደረሱ። «አዕርፍ ነፍሰ አመትከ ወለተ ገብርኤል» ሲሉ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያን ሁሉ ዘመን ደጃፏን ሲያንኳኩ፣ የክርስትና ስም እንዳላት የጠየቃት አልነበረም። ባንቺዓለም ያን ስም ስትሰማ ነው ያለቀሰችው።

አፈሩ ተመልሶ ሲያልቅ፣ ከሰዉ ኋላ አንዲት ሴት መጣች። ከሞጣ አውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ነው የደረሰችው፤ የመንገድ አቧራ ጫማዋ ላይ አለ። ከጎኗ ደምለው ነበር። ሰዉ ሳይታዘዝ ሁለት ቦታ ተከፈለላት።

«ድንጋዩን አምጣልኝ» አለች ውበቴ ለመቶ አለቃው።

ፋንታ ከመኪናው አወረደው። ውበቴ በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ መቃብሩ ጠጋ አለች።

«ደጄ አልደረስሽም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ነኝ የመጣሁልሽ። ይኸው አወረድሁልሽ።»

ከዚያ ዞረች። ድንጋዩን እንደያዘች ወደ ሕዝቡ ዞረች። ብዙዎቹን በስማቸው ታውቃቸዋለች፤ ችቦ የያዙበትንም እጅ።

«ይቺን የሚቀበለኝ ማነው?»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። ወንዶቹ መሬት መሬቱን አዩ፤ አንዱ በመቋሚያው አፈር ይጭር ጀመር። የውበቴ ክንድ ከክብደቱ የተነሣ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ለባንቺዓለም ሰጥተው ወደ ፊት መጡ፤ ጥምጥማቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።

«ያን ጊዜ መስቀል ይዤ ችቦው ፊት አልቆምሁም» አሉ። «ስጭኝ።»

«አይ አባ» አለች ውበቴ። «የርስዎን ወስጄልዎታለሁ። ይህ የርስዎ አይደለም።»

ወደ ቅጽሩ በር ሄደች። ሰው ሁሉ ሲገባ የሚሳለመው ደፍ ላይ፣ ከመካከሉ፣ ድንጋዩን አስቀመጠችው። እጇን አራገፈች።

«የሚያነሣው ሲገኝ፣ እኔ ሞጣ ነኝ።»

መቶ አለቃ አካለ ወልድ በክረምቱ መግቢያ ወደ ደጀን ተዛወረ። ዕቃውን የጫነው መኪና በእንኮይ ሜዳ ሲያልፍ እንዲቆምለት ጠየቀ። መጁ ደፉ ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ዝናብ አጥቦት ጠቁሯል። ግራና ቀኙ ግን ሣሩ ተረግጦ ሁለት ቀጫጭን መንገዶች ወጥተዋል። ሰዉ ዙሮ የሚገባበትን አበጅቷል።